ከውስጥ የሚከፈት በር

«በቀን ስንት ትወስጃለሽ?» አለች የሆስፒታሉ ነርስ ሲስተር ዙለይካ፣ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ።

«ሦስት» አለች ብርነሽ።

አመተማርያም ከታላቅ እህቷ ጎን እንደተቀመጠች ዐይኗን ወደ ግድግዳው ሰደደች። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል። ይህን ተረት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች፤ አንድም ቀን ግን እንዲህ አፍጥጦባት አያውቅም። ዐይኗን ወደ ወለሉ መለሰች። ወለሉ ላይ ምንም አልተጻፈም፤ እሱ ይሻላል።

ምክንያቱም ሦስት አይደለም። አሥራ አንድ ነው። አመተማርያም በገዛ እጇ ቆጥራዋለች።

ብርነሽ ከሳውዲ ከተመለሰች ስምንት ወር ሆኗታል። ሪያድ ውስጥ በአንድ ትልቅ ቤት አራት ዓመት ስትሠራ ቆይታ፣ ከባድ ምንጣፍ ተሸክማ ስትወርድ ከደረጃ ላይ ወድቃ ወገቧን ተጎዳች። አሠሪዎቿ ሐኪም ዘንድ አልወሰዷትም። አብራት የምትሠራ ሴት ግን አዝናላት ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ ሰጠቻት። ክኒኑ ሕመሙን አስታገሠላት፤ ቀስ በቀስም አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ሆነ። አሁን ወገቧ ድኗል። ክኒኑ ግን አልለቅ ብሏታል። ሰዓቱ ካለፈ ያልባታል፣ ያስመልሳታል፣ አጥንቷ ውስጥ ጉንዳን የሚርመሰመስ ይመስላታል።

ደግነቱ ማንም ጎትቶ አላመጣትም። ባለፈው እሑድ ራሷ እናቷን «እማ፣ ማቆም እፈልጋለሁ፤ ብቻዬን ግን አቃተኝ» አለቻት። አመተማርያም በእህቷ የዚያን ቀን ያህል ኮርታ አታውቅም። ታዲያ እዚህ ድረስ በእግሯ መጥታ፣ ሐኪሟ ፊት ተቀምጣ፣ ሦስት ትበል?

ሲስተር ዙለይካ የጻፈችውን አንብባ ስትጨርስ መንገዱ ሁለት እንደሆነ ነገረቻቸው። ጥቂት የሚወስድ ሰው ቤቱ ሆኖ፣ በየሳምንቱ እየመጣ፣ መጠኑን ቀስ እያደረገ ይቀንሳል። ብዙ የሚወስድ ሰው፣ ወይም የእንቅልፍ ክኒን የሚደርብ ከሆነ ግን፣ የመጀመሪያዎቹን አሥር ቀናት እዚሁ ተኝቶ ነው የሚጀምረው። እንዲህ ያለው ሰው ድንገት ሲቀነስበት ሊያንቀጠቅጠውና ራሱን ሊያስተው ይችላልና። አንድ ልጅ ታስታውሳለች፤ ሁሉንም በአንድ ቀን አቁሞ ሲንቀጠቀጥ ቤተሰቦቹ «ርኩስ መንፈሱ ሊለቅ ነው፣ አትንኩት» ብለው ዙሪያውን ከበው ይጸልዩለት ነበር። ወደ ሐኪም ያመጡት ምላሱን ነክሶ ደም ከጎረሰ በኋላ ነው።

«ተርፏል» አለች ሲስተር ዙለይካ የሁለቱንም ፊት አይታ። «ለማስፈራራት ብዬ አይደለም። ቁጥሩ ትክክል ከሆነ ሳትሠቃዪ ማቆም ትችያለሽ። በይ፣ ማክሰኞ እንጀምራለን፤ እስከዚያ በራስሽ እንዳታቋርጪ።»

እህትማማቾቹ እስከ ቤታቸው ድረስ ስለ አየሩ ብቻ አወሩ።

አመተማርያም ዝም ያለችው ለእህቷ ይሉኝታ ብላ አይደለም። ግዝት ስላለባት ነው።

ነገሩ የሆነው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። የብርነሽን ፍራሽ ፀሐይ ላይ ልታሰጣ ስታነሳ ከሥሩ ከሳውዲ ያመጣችውን ረጅም ጥቁር ቀሚስ፣ አባያዋን፣ ተጣጥፎ አገኘች፤ እጅጌው ውስጥ ባዶ የክኒን ማሸጊያ ታጭቋል። አመተማርያም ደግሞ ሒሳብ ትወዳለች። ሳትነግራት ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጨመረውን ቆጠረች። ሰባ ሰባት። ለሰባት ስታካፍለው አሥራ አንድ። ከእንቅልፍ ክኒን ማሸጊያ ደግሞ በየቀኑ ሁለት ሁለት። በሰባተኛው ቀን ቀና ስትል ብርነሽ በሩ ላይ ቆማለች።

አልጮኸችባትም። ፊቷ ግን አመድ መስሎ «በደብረ ታቦሩ ኢየሱስ ገዝቼሻለሁ» አለቻት። «ይህን ነገር ካፍሽ እንዳታወጪ። ለእማም፣ ለሐኪምም፣ ለማንም።»

መሐላ ቢሆን ሰው ወዶ የሚገባበት ነው። ግዝት ግን ሌላው ይጭንብሃል፤ አንተ ሳትፈልግ ታስረህ ታድራለህ። በእነ አመተማርያም ሰፈር ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ተጣልተው፣ አንዱ ሌላውን «ደጄን እንዳትረግጥ» ብሎ ገዝቶት ዘጠኝ ዓመት ሳይገናኙ ኖረዋል። የገዘተው ሰው የሞተ ለት ሌላው ለቅሶ ከመድረሱ በፊት እያለቀሰ ግዝቱን የሚፈታለት ቄስ ፍለጋ ነበር የሮጠው። እንዲህ ባለ ሰፈር ያደገ ልጅ ግዝትን እንደ ቀላል ነገር አያልፈውም።

ቤት ሲደርሱ እናታቸው ፈንታነሽ ስልክ ላይ ነበረች። የሚያነጋግራት ወንድሟ ደሳለው ነው፤ ልጆቹ አያ ደሳለው ይሉታል፣ ከጉና ተራራ ሥር ገብስና ድንች የሚያርስ ቆፍጣና ሰው ነው። እሱ ከሐኪም ጋር ምን አነታረካችሁ ባይ ነው። እነሱ አገር ጸበል አለ፤ ሰባት ቀን ሱባኤ ገብታ፣ ክኒኑን በሩ ላይ ጥላ፣ ነጽታ ትመለሳለች። ረቡዕ መጥቶ ሊወስዳት በቅሎ አዘጋጅቷል።

ፈንታነሽ ስልኩን ዘግታ ሁለቱን ልጆቿን አየች። ሐኪሟ ያለችውን ስትሰማ ትንሽ ቀለል አላት። ሦስት ከሆነስ ብዙም አይደል፤ ማክሰኞ ይጀመር፣ ደግ ካልሆነ ረቡዕ ወደ ጉና ይወጣሉ አለች። አመተማርያም ሁለቱንም መንገድ በልቧ አሰላች። ቤት ትቀመጥ ቢባል በሐሰት ቁጥር ይቀነስላታል። ጸበል ትሂድ ቢባል ሁሉንም በአንዴ ትጥለዋለች። በየትም በኩል ቢዞር እህቷ የምትንቀጠቀጥበት ቀን ይታያት ጀመር። እውነተኛውን ቁጥር የሚያውቀው ደግሞ ከሁለቱ እህትማማቾች ሌላ ማንም የለም።

ቅዳሜ ነጠላዋን አጣፍታ የንስሐ አባታቸው መምሬ ዘውገ ዘንድ ሄደች። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከጽዱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ይፍቱኝ አባ» አለች መስቀላቸውን ተሳልማ።

«እግዜር ይፍታሽ» አሉ እንደ ወትሮው። ትሄዳለች ብለው ፊታቸውን ሊያዞሩ ሲሉ አመተማርያም ግን ንቅንቅ አላለችም።

«እንደሱ አይደለም አባ። የእውነት ይፍቱኝ። ግዝት አለብኝ።»

መምሬ ዘውገ ቦታ ሰጥተው አስቀመጧት። ማን እንደገዘታት ሲጠይቋት ነገረቻቸው። በምን ነገር ሲሏት ዝም አለች፤ እሱን ካወጣችው ያው ግዝት ማፍረስ ነው። ሽማግሌው ገባቸውና አልተጫኗትም። እሷ ግን ሌሊቱን ስታውጠነጥነው ያደረችው ብልሃት ነበራት።

«አባ፣ ግዝቱ ካፍሽ አታውጪ ነው የሚለው። በወረቀት ብጽፈውስ?»

«አይ አንቺ ልጅ!» መምሬ ዘውገ ሳቁ። «ጌታ ማንበብ የማይችል መሰለሽ?»

አመተማርያምም ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ዕንባዋ። እሳቸው ጥቂት ታግሠው፣ ዝም ብትል የሚጎዳ ሰው እንዳለ ጠየቋት። አለ፣ ከማክሰኞ ካለፈም ይረፍዳል አለች። ማን ሲሏት ራሷ ያሰረችኝ አለች።

«ሰው እየተጎዳ በጌታ ስም ዝም በሉ አይባልም» አሉ መምሬ ዘውገ። «እንዲህ ያለውን አሁኑኑ ልፈታልሽ እችላለሁ። ግን ከጀርባዋ ሄደሽ ብታወሪው የሚሰማው ሰው ነገሩን ያውቃል፣ እሷ ደግሞ አንቺን ታጣለች። መጀመሪያ ሄደሽ ለምኛት። ያሰረው እጅ ቢፈታው ይሻላል። እንቢ ካለችሽ ማክሰኞ ጠዋት ኪዳን አድርሼ ስወጣ በሩ ላይ ታገኚኛለሽ።»

ልትነሳ ስትል አያ ደሳለው ብርነሽን መድኃኒቷን አስጥሎ ጸበል ሊወስዳት እንደሆነ ነግራ ጠየቀቻቸው። ጸበልና ሐኪም ተጣልተው አያውቁም፣ የምናጣላቸው እኛው ነን አሉ። እናቷንም አግኝተው ሊያነጋግሯት ቃል ገቡላት።

እሑድ ከሰዓት ብርነሽ ሹሩባ ልትሠራት በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ አመተማርያም ከፊቷ መሬት ላይ። ለእንዲህ ያለ ወሬ ከዚህ የተሻለ አቀማመጥ የለም፤ ሁለቱም አይተያዩም። የብርነሽ ጣቶች ፈጣን ናቸው፣ ዛሬ ግን ላብ አላቸው።

«እታለም።»

«ወዬ።»

«ግዝቱን ፍቺልኝ።»

ጣቶቹ ቆሙ። አመተማርያም የተዘጋጀችበትን ሁሉ ተናገረች። ሰው ምን ይላል ብለሽ ከሆነ ሰው ሁልጊዜም ይላል አለች። አሁን ዘመኑ ሠልጥኗል፣ መታከም ሼም አይደለም አለች። ራሷ ብርነሽ እርዳታ በመጠየቋ ያስተማረቻትን ነገር ለራሷ ለብርነሽ እንደ አዲስ ሰበከችላት።

«ሰው መች ፈራሁ» አለች ብርነሽ።

«እና ምንድነው?»

ብርነሽ ሹሩባውን ካቆመችበት ቀጠለች። ሪያድ ከወደቀች በኋላ መሥራት ሲያቅታት አሠሪዋ ላይኛው ፎቅ አንዲት ክፍል ውስጥ እንዳስገባቻት፣ ቤተሰቡ በወጣ ቁጥር ከውጭ ይቆለፍባት እንደነበር፣ ቀስ ብላ ነገረቻት። ይህን ለእናቷም ነግራት አታውቅም። አሠሪዎቿ ሽርሽር ሄደው አንድ ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ ረስተዋታል።

«ቁልፍ ከውጭ ሲዞር የሚያሰማውን ድምፅ ሁለት ወር ሰምቼዋለሁ» አለች። «አሥራ አንድ ካልኩ ያስተኙኛል። ከውጭ በሚቆለፍ ቤት ግን ሁለተኛ አልተኛም፣ አመቴ። ሞቼ ነው።»

አመተማርያም እህቷ የሰፈር አፍ ፈርታ እንደምትዋሽ እርግጠኛ ነበረች፤ በልቧም ታዝባታለች። አሁን በራሷ አፈረችና ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ብርነሽ ጸጉሯን ያጠበቀችባት መስሏት «አመመሽ እንዴ?» ብላ ጉንጉኑን ፈታ ሠራችው። ግዝቱን ግን አልፈታችም።

ሰኞ ከትምህርት ቤት እንደተለቀቀች አመተማርያም ዩኒፎርሟን ሳትቀይር ሲስተር ዙለይካ ዘንድ ሄደች። መንገዱን ሙሉ ጥያቄዋን ስታስተካክል ነበር። ቁጥሩን የማይነካ፣ ግዝቱንም የማያፈርስ ጥያቄ መሆን አለበት።

«ሰው የሚተኛበት ክፍል የሚቆለፈው ከውጭ ነው ከውስጥ?» አለች።

ሲስተር ዙለይካ ሻርፗን እያስተካከለች ረዘም አድርጋ አየቻት። ከዚያ መልስ በመስጠት ፋንታ ተነሥታ «ነይ» አለቻት።

የሴቶቹ ክፍል ከመተላለፊያው ጫፍ ላይ ነው። አራት አልጋ አለው፤ በመስኮቱ የጉና አናት ደመና ተከናንቦ ይታያል። አንደኛው አልጋ ላይ ከእብናት ለሌላ ሕመም የመጡ ዓለሚቱ የሚባሉ እናት ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። አመተማርያም የሰላምታ ነገር ትዝም ሳይላት በሩን መመርመር ያዘች። በውጭ በኩል እጀታ ብቻ ነው ያለው። መቀርቀሪያው ከውስጥ ነው። ገብታ ቀረቀረችው፣ ከፍታ ወጣች። ደግማ ገባች፣ ቀረቀረች፣ ወጣች። ሦስተኛ ጊዜ ስትገባ ዓለሚቱ አላስቻላቸውም።

«ምነው ልጄ፣ በር አይተሽ አታውቂም?»

ሲስተር ዙለይካ ሳቋን ዋጥ አድርጋ የምንቆልፈው መድኃኒቱን ነው እንጂ ሰው አንቆልፍም አለች። የሚያስተኟት ሰው ብትኖር በየቀኑ መጠኑ በጥቂቱ እንደሚቀነስላት፣ ለማቅለሽለሹም እንቅልፍ ለማጣቱም መድኃኒት እንዳለ፣ ከቤተሰብ አንድ አስታማሚ አብሯት ማደር እንደሚችል አስረዳቻት። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሦስት ለምትወስድ ሰው ይህ ክፍል እኮ አያስፈልግም አለች።

አመተማርያም ጫማዋን አየች። እውነተኛው ቁጥር አፏ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። «ነገ እንመጣለን» ብቻ ብላ ሄደች።

ቤት ስትደርስ ብርነሽ ልብስ እያጣጠፈች አገኘቻት፤ አጠገቧ ተቀምጣ ማገዝ ጀመረች።

«መቀርቀሪያው ከውስጥ ነው» አለች። «ከውጭ የቁልፍ ቀዳዳ እንኳ የለውም። እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ ዘግቼ ከፈትኩት።»

«ሦስት ጊዜ?»

«ሦስት ጊዜ።»

ብርነሽ የአመተማርያምን የትምህርት ቤት ሸሚዝ ሁለት ጊዜ አጣጥፋ ሁለት ጊዜ ፈታችው።

ማክሰኞ ጠዋት እናታቸው እንጎቻ ቋጥራ፣ በትንሽ ጀሪካን ጸበል ሞልታ ሰጠቻቸው። መምሬ ዘውገ በዋዜማው ቤት ድረስ መጥተው አነጋግረዋት ነበርና አያ ደሳለውን በቅሎውን ለጊዜው አሳርፍ ብላዋለች። እሷ ከገበያ ተመልሳ በምሳ ሰዓት ትደርስባቸዋለች። ሁለቱ እህትማማቾች ብርዱን ለመርሳት ፈጠን ፈጠን እያሉ ወረዱ።

የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲደርሱ መምሬ ዘውገ እንዳሉት ቆመዋል። ብርነሽ ቀድማ መስቀል ተሳለመች። አመተማርያም እዚህች ጋ ሌላ መንገድ እንዳላት ታውቃለች። እህቷ ሁለት እርምጃ ስትርቅ ወደ ኋላ ቀርታ በሹክሹክታ መፈታት ትችላለች፤ ብርነሽ ሳታውቅ ያልቃል። የለም፣ ከጀርባዋ አላደርገውም አለች በሆዷ።

«አባ» አለች እህቷ በምትሰማው ድምፅ። «እስካሁን አልተፈታሁም። እታለም ካልፈታችኝ እርስዎ ይፍቱኝ። ዛሬ እናገራለሁ።»

ብርነሽ ዞረች። ተቆጥታለች። ከኪዳን የወጡ ሰዎች ነጠላቸውን እያስተካከሉ በአጠገባቸው ያልፋሉ። መምሬ ዘውገ መስቀላቸውን እንደያዙ ብርነሽን አዩ። አመተማርያም እህቷን ላለማየት ብዙ ፈለገች፤ ግን አየቻት።

«ይተዉት አባ» አለች ብርነሽ። «ያሰርኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ ወደ እህቷ ቀረብ ብላ ለመስማት በሚያስቸግር ድምፅ «ፈትቼሻለሁ» አለቻት።

ሲስተር ዙለይካ ያንኑ ወረቀት አውጥታ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች። ብርነሽ የታናሽ እህቷን እጅ ያዘች።

«አንቺ ንገሪያት።»

«አሥራ አንድ» አለች አመተማርያም። «ማታ ማታ ደግሞ ሁለት የእንቅልፍ ክኒን።»

ሲስተር ዙለይካ አልደነገጠችም፣ አልተቆጣችም። ሦስትን ሰርዛ አሥራ አንድ ብላ ልትጽፍ እስክሪብቶዋን ስታነሳ ብርነሽ አቀርቅራ የራሷን ጉልበት እያየች ተናገረች።

«አሥራ አራት ነው። ሦስቱን እሷ አታውቃቸውም፤ ከቤት ውጭ ነው የምወስዳቸው። ያን ቀን የነገርኩሽ እነሱን ነበር።»

ሲስተር ዙለይካ አሥራ አራት ብላ ጻፈች። አመተማርያም ሰባ ሰባቱን ሁሉ ቆጥራ እነዚህ ሦስቱ እንዴት እንዳመለጧት አሰበች። ደግሞም ማንም ቆጥሮ የማይደርስባቸው እንደነበሩ አሰበች። የእህቷን እጅ አጥብቃ ያዘች።

አስታማሚው ማን ነው ስትባል ቀን እናቴ፣ ከትምህርት ቤት መልስ እኔ፣ ማታም እኔ ብላ ሙሉ ስሟን አስመዘገበች። ሐሙስ የሒሳብ ፈተና አለባት፤ ሒሳብ ደግሞ የትም ሆኖ ይጠናል። ጀሪካኑን መግቢያው ላይ ይከለክሉኛል ብላ ፈርታ ነበር። ሲስተር ዙለይካ ግን ተቀብላ ራሷ ከራስጌው ጠረጴዛ ላይ፣ ከመድኃኒት መዋጫው ብርጭቆ ጎን አስቀመጠችው።

ዓለሚቱ ልጅቷን ሲያዩ ለዩዋት። «ያች የበሯ ልጅ መጣች» አሉና ለብርነሽ በመስኮቱ በኩል ያለውን አልጋ አሳዩአት።

ብርነሽ አልጋው ላይ አልተቀመጠችም። ጋቢዋን እንደተከናነበች ወደ በሩ ተመለሰች። በውጭ በኩል እጀታውን ዳበሰች፣ ከእጀታው በላይም በታችም በጣቷ ፈለገች። ገብታ መቀርቀሪያውን ገፋችው፤ መለሰችው። እንደገና ገፋችው፤ መለሰችው። አመተማርያም ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የምታነብ መሰለች።

ሦስተኛውን ብርነሽ ተወችው። በሩን ገርበብ አድርጋ ወደ አልጋዋ ሄደችና ጫማዋን አወለቀች።